ቀዩ የውሃ ቅጠልና የእኔ ዓይን

ቀይ ቅጠል አረንጓዴ ሲሆን ያየ ሰው «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ ይጠይቃል ብዬ አስብ ነበር። እኔ በነበርኩበት ቤት የተጠየቀው ግን «ማን አየው?» ተብሎ ነው። የሁለቱን ጥያቄዎች ልዩነት በአንድ ክረምት ተማርኩት። ትምህርቱን አልወደድኩትም፤ አስተማሪዎቼንም እስከ ዛሬ አልመረቅኋቸውም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በጃንሆይ ዘመን ነው። ጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ጣሊያን ሠርቶት ጥሎት በሄደ ፎቅ ቤት ውስጥ ሆቴል ነበር። እኔ እዚያ አልጋ አነጥፋለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፣ እንግዳ ሲበዛም ሳህን ይዤ እሮጣለሁ። ዕድሜዬ ሃያን አልፏል፤ ለመዳር የዘገየሁ፣ ለመመንኮስ የቸኮልኩ የምባልበት ጊዜ ነው። የሆቴሉ ባለቤት ከካህናት ቤት የተወለዱ፣ ባላቸው የሞተባቸው ወይዘሮ ነበሩ፤ ሁላችንም «እመይቴ» እንላቸዋለን። ክፉ ሴት አልነበሩም። ይህን ቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለሚረሳ ነው።

ፎቅ ላይ ከተከራዩት እንግዶች አንዱ ፈረንጅ ሐኪም ነበር። ይህ ሰው ትልቅ የመስታወት ሣጥን ነበረው፤ ውሃ የተሞላ፣ የጣት ጥፍር የሚያህሉ ዓሦች የሚዋኙበት፣ ከሥሩ አሸዋ ላይ ቅጠል የተተከለበት። ቅጠሉ ቀይ ነው። ደብዛዛ ቀይ አይደለም፤ እንደ ድልህ የጠለቀ ቀይ ነው። ጣና ዳር የበቀለ የውሃ ሣር ያየ ሰው በከተማው ሞልቷል፤ እንዲህ ቀልቶ ውሃ ውስጥ የሚኖር ቅጠል ግን ማንም አላየም።

ሐኪሙ ከፋሲካ በኋላ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ ሣጥኑን ለእመይቴ አደራ ሰጠ። በአስተርጓሚ የተናገረው ጥቂት ነው። ለዓሦቹ ቁንጥር ምግብ ይሰጥ፣ ውሃው ሲጎድል ይሞላ፣ ከላይ የተገጠመው አምፑል ከጧት እስከ ማታ ይብራ፣ ሣጥኑም ከመስኮቱ አጠገብ አይነሣ አለ። ለመስከረም እመለሳለሁ ብሎ ሄደ። አደራ እመይቴ ዘንድ ቀላል ነገር አልነበረም፤ አደራ በላች ከመባል ሞትን የሚመርጡ ሰው ናቸው። የመጣብኝ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህ ደግነታቸው ነው።

ሐኪሙ ሣጥኑን ያኖረው ታች ሳሎን፣ ከመንገዱ መስኮት አጠገብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከትክል ድንጋይ ለገበያ የሚመጡ ሰዎች አህያቸውን ደጅ አቁመው በመስኮቱ ያዩታል። ወደ አዲ አርቃይ የሚወርዱ የማኪና ሾፌሮች የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ይቆሙበታል። «ሸጋ ነው» ይላሉ ሁሉም። ሸጋ ነው በተባለ ቁጥር እመይቴ ይሳቀቃሉ። እኛ አገር ያማረ ነገር ይሸፈናል። የአራስ ልጅ ፊት ይሸፈናል፣ ወተት ይሸፈናል፣ የተሰናዳ ገበታ ይሸፈናል። ታዲያ የሰው አደራ፣ ያውም ይህን ያህል ያማረ፣ ለመንገደኛ ሁሉ ተገልጦ እንዴት ይኖራል? አንድ ቀን ውሃውን አጉድለን፣ ሣጥኑን ተጋግዘን ወደ ውስጠኛው ጥግ ወሰድነው። እመይቴ በእጃቸው ጋቢ አለበሱት። አምፑሉንም አጠፉት፤ «በቀን የሚበራ መብራት የሚጠራው ዓይን ነው» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ጋቢውን የምገልጥ እኔ ብቻ ሆንኩ፤ ዓሦቹን የምመግበው እኔ ነበርኩና።

ለውጡን ቀድሜ ያስተዋልኩትም እኔ ነኝ። ከታች ያሉት ቀይ ቅጠሎች እየሳሱ ረገፉ። ከጫፍ የሚወጡት አዲሶቹ ደግሞ እንደ ጎመን አረንጓዴ ናቸው። ምናልባት እንደ ሕፃን ፀጉር ኋላ ይለወጥ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። አልተለወጠም። ግንቦት ሲጋመስ ቀይ ነገር የቀረው ከግንዱ ሥር ጥቂት ብቻ ነበር።

አንድ የተከበሩ እንግዳ በመጡ ቀን እመይቴ ሊያሳዩዋቸው ጋቢውን ገለጡ። ያዩት ጎመን የሞላበት ሣጥን ነው። እንግዳው ጨዋ ናቸውና «ዓሦቹ ሸጋ ናቸው» አሉ። እሳቸውን ከሸኙ በኋላ እመይቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያንን ጥያቄ ጠየቁ። ማን አየው?

ወጥ ሠሪያችን በሩ ላይ ቆማለች። እሷ በዚያ ቤት ከእኔ በፊት ብዙ ዓመት የኖረች፣ የእመይቴን ፊት አንብባ የምትናገር ሴት ናት። ዝም ማለት የማይሆንልኝ እኔ ነኝ፤ እናቴ «አፍሽ ካንቺ ቀድሞ ይደርሳል» ትለኝ ነበር።

«ማንም አላየውም እመይቴ፤ ጋቢው ነው» አልኩ። «ሸክላም ሲተኮስ እንዲሁ ነው። ነበልባል በግልጥ ያገኘው ይቀላል፤ እበትና አመድ የተከመረበት ጠቁሮ ይወጣል። ይኼም ቢገለጥ ይቀላ ይሆናል።»

ወጥ ሠሪዋ ቀና ብላ አየችኝ። «ሸክላ ሲተኮስ ደሞ የት አየሽ?»

ከትክል ድንጋይ ወዲያ ካለ መንደር መምጣቴን ያውቃሉ። የእናቴን ሙያ ግን የጠየቀኝ አልነበረም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልተናገርኩም። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት። በእኛ አገር ሸክላ የሠራ፣ ብረት የቀጠቀጠ ሁሉ ቡዳ ነው ይባላል። በዓይኑ ሰው ይበላል፣ ማታ ማታ ጅብ ይሆናል ይሉታል። እናቴ የጅብ ድምፅ ስትሰማ ከአልጋ የማትወርድ ሴት ናት። በሠራችው ድስት ወጥ ሠርተው ይበላሉ፤ ድስቱን ያየችበትን ዓይን ግን ይፈሩታል።

ማንም «ቡዳ ነሽ» ብሎ አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ እሰድባቸው ነበርና ይሻለኝ ነበር። ወጥ ሠሪዋ እኔ ስገባ የድስቱን ክዳን ትገጥማለች፤ ስወጣ ትከፍታለች። የእንግዳ ሳህን ማድረስ ቀረብኝ። ምግቤም ከሌሎቹ ተለይቶ ይቀመጥልኝ ጀመር። እመይቴ ሲያነጋግሩኝ ዓይናቸውን ትከሻዬ ላይ ያሳርፉታል። ነገሩ ገና በቤቱ ውስጥ ነበር። ያ ቃል የሆቴሉን ደጅ ተሻግሮ ፒያሳ ከወጣ ግን በጎንደር አንድም ቤት እንደማያስገባኝ፣ መንደር ድረስ ተከትሎኝ እንደሚገባም አውቄዋለሁ። እንቅልፍ ያሳጣኝ እሱ ነው።

ልክ መሆኔን ለራሴ ማወቅ ፈለግሁ። ከሣጥኑ አንድ የተሰበረ ግንድ፣ አረንጓዴ ቅጠል ያለበትን፣ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ከነውሃው ከተትኩት። ጓሮ፣ ልብስ ከምናጥብበት ድንጋይ ጀርባ፣ ፀሐይ ከጧት ጀምሮ በማታጣው ግንብ ላይ አኖርኩት። ልብስ ላሰጣ ስሄድ አየዋለሁ። መጀመሪያ ጠወለገ። ቆይቶ ነፍስ ዘራና አዲስ ቅጠል አወጣ። ያ አዲስ ቅጠል ሲወጣ ጫፉ ቀላ ያለ ነበር፤ ውሎ ሲያድር ቀይ ሆነ። እጄ ላይ ያለውን አንሶላ አቅፌ ብቻዬን ሳቅሁ። ትንሽ ይጥለቅና ለእመይቴ እወስድላቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ቀድማ የወሰደችላቸው ወጥ ሠሪዋ ናት።

ከጓሮ ስገባ ጠርሙሱን ከፍ አድርጋ ይዛ ሳሎን መሐል ቆማለች። «ይኸው እመይቴ፤ ቀዩን ከሣጥኑ አውጥታ እዚህ አኑራዋለች» አለች። የምሬን ነው የምላችሁ፣ እየዋሸች አልነበረም። አንዱ ሣጥን ቀይ የነበረ አሁን አረንጓዴ፣ አንዱ ጠርሙስ ባዶ የነበረ አሁን ቀይ። ጠርሙሱን የደበቀችው ደግሞ የሸክላ ሠሪ ልጅ። ንጹሕ ነኝ ብሎ የሚመሰክርልኝ ቅጠል የተሰረቀ ዕቃ ሆኖ ተያዘ። የእመይቴ ፊት አመድ መሰለ። «ምነው ልጄ» አሉ፣ «እኔ ምን በደልኩሽ?»

ከዚያች ጥያቄ የባሰ ነገር በዚያ ክረምት አልሰማሁም።

ታላቅ ወንድማቸው ተጠሩ። ቅኔ የሚያስተምሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የኔታ እንላቸዋለን። መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡና ተቀመጡ፣ ሁሉንም ሰሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። እስከዚያች ሰዓት የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ ንዴቴ ሁሉ አንድ ላይ ወጣ።

«ሌላ ግንድ በእጃችሁ ቁረጡ የኔታ። በሌላ ጠርሙስ አድርጉት፣ ከእኔ ደብቁት፣ ፀሐይ ላይ አኑሩት። እኔ በዓይኔም በእጄም አልደርስበትም። ከቀላ ያቀላው ፀሐይ ነው።»

ተስማሙ። እመይቴ ራሳቸው ቆርጠው፣ ፎቅ በረንዳ ላይ አስቀመጡት። የደረጃውን በር ቁልፍ መቀነታቸው ላይ አሰሩት። የፎቁን አልጋዎች ሌላ ሰው እንዲያነጥፍ ተደረገ። እኔ ታች ሆኜ ሰማይ ሰማይ አያለሁ። ሰኔ ነው፤ ከሰዓት ይዘንባል፣ ጧት ግን ገና ፀሐይ አለ። በልቤ ጸሎት ያልኩት ነገር ቢኖር «ደመናውን ያዝልኝ» የሚል ነው።

አንድ ጧት ከእመይቴ ጋር ፎቅ የወጣችው ወጥ ሠሪ እልል ስትል ሰማሁ። ቀልቷል። መጥረጊያውን ጣልኩት። ሲወርዱ ደረጃው ሥር ቆሜ ጠበቅኋቸው፤ የሚያቅፉኝ መስሎኝ ነበር።

እመይቴ ሁለት ደረጃ ሲቀራቸው ቆሙ። «አየሽ» አሉ በሐዘን፣ «አንቺ ባላየሽው ጊዜ ቀላ።»

ራሴ ያመጣሁት ፈተና ነው። ራሴ አንጥፌ ራሴ ተኛሁበት። ከእኔ ደብቁት ያልኩ እኔ፣ ፀሐይ ላይ አኑሩት ያልኩም እኔ፤ እነሱም ከሁለቱ የመረጡትን ወሰዱ። ማልቀስ ስላልፈለግሁ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

የኔታ ይህን ሲሰሙ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ፀሐይ ሰጣችሁት፣ ዓይኗንም ከለከላችሁት» አሉ። «ሁለት ነገር ባንዴ ለውጣችሁ የትኛው እንዳቀላው በምን ታውቃላችሁ? ሣጥኑ ይገለጥ፣ ወደ መስኮቱ ይመለስ፤ እሷም ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ትየው። በየቀኑ። ዓይኗ የሚበላ ከሆነ አይቀላም።»

«እስከ መቼ?» አሉ እመይቴ።

«ፍልሰታ እስኪፈታ።»

«ካልቀላስ?» አለች ወጥ ሠሪዋ።

እመይቴ መለሱ። «ካልቀላ አገሯ ትግባ። ምነው ሰደድሻት ለሚለኝም ምክንያቱን አልደብቅም።»

ጋቢው ተገፈፈ። ሣጥኑ መስኮቱ ጋ ተመለሰ። አምፑሉ ግን አልበራም፤ «ፀሐይ ነው ካልሽ በፀሐይ ይሁን» ተባልኩ። ፀሐይ ባልኩበት አፌ ሐምሌ ገባ።

የጎንደርን ሐምሌ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጉም ከተራራው ወርዶ መንገዱን ይውጠዋል፣ ቀኑ ሳይነጋ ይመሻል። በየጧቱ ሥራዬን ጨርሼ ዱካ ላይ፣ ሣጥኑ ፊት እቀመጣለሁ። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ነገም አረንጓዴ ነው። ወሬው ደግሞ የፈራሁትን ደጅ ሊሻገር ጫፍ ላይ ደርሷል፤ መስኮቱ ላይ የሚቆሙት ሰዎች ከዓሦቹ ይልቅ እኔን ያያሉ። አንዲት ሴት ልጇን ነጠላዋ ሥር ስትከት በመስታወቱ አየኋት። ልነሣና ልጮህባት ፈልጌ ነበር። አልተነሣሁም፤ መነሣት ራሱ ይቆጠርብኛል።

ከዚህ የባሰው ግን ከውስጤ የመጣው ነው። ሐምሌ ሲጋመስ ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። ይህን ሁሉ ሰው ምን ያሳስተዋል አልኩ። አያቶቼም ቡዳ የተባሉት በከንቱ ይሆን? ዓይኔ ውስጥ እኔ የማላውቀው ነገር ቢኖርስ? የማይ መስዬ ዓይኔን እጨፍን ጀመር። ቅጠሉ ቢቀላልኝ ብዬ ከገዛ ዓይኔ ደበቅሁት። ወጥ ሠሪዋ አንድ ቀን ከኋላዬ መጥታ «ግለጪው እንጂ፣ ምነው ጨፈንሽ?» አለችኝ። ፈራሁ። እሷን ሳይሆን እውነት ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ነገሩ ምን እንደነበር የገባኝ ብዙ ቆይቶ፣ ፊደል ቆጥሬ፣ ስለ ዕፀዋት ከሚያስተምር ሰው አጠገብ በመኖሬ ነው። ቀይ ቅጠልም ከውስጡ አረንጓዴ ነው አለኝ። ብርሃን ሲበረታበት መከለያ እንዲሆነው ቀይ ቀለም በላዩ ይሠራል። ብርሃን ሲያጣ መከለያውን ይተወዋል፤ ምግቡን የሚሠራለት አረንጓዴው ነውና አቅሙን ሁሉ ወደዚያ ያዞራል። ውሃው ውስጥ ብረት ሲያንስም ቅላቱ ይደበዝዛል አለ። እኛ ዓይን በላው ስንል ቅጠሉ ጋቢ ውስጥ ተርቦ ነበር። ያን ጊዜ ይህን የሚነግረኝ አልነበረም፤ የነበረኝ ዱካና ደመና ብቻ ነው።

ፍልሰታ ተያዘ። የጾሙ መጀመሪያ ላይ ዝናቡ ጋብ አለና ሰማዩ ብራ ሆነ። አንድ ቀን ሲሆን ዕድል ነው አልኩ። ሲደጋገም ግን መስኮቱ ላይ ያለውን ትነት በነጠላዬ እየጠረግሁ፣ ዓይኔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ከሁሉ የረዘመው ግንድ ጫፍ ውሃው ላይ ሊደርስ ቀርቦ ነበር። እዚያ ላይ የወጣችው ቅጠል ጠርዟ ደመቅ ያለ መሰለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። እኔ አየሁ ብል ምን ዋጋ አለው? ሌላ ሰው እስኪያይ ትንፋሼን ይዤ ሰነበትኩ።

ያየችው ወጥ ሠሪዋ ናት። መስታወቱን ልትወለውል መጥታ እጇ ቆመ። ጎንበስ ብላ በአንድ በኩል አየች፣ ዞራ በሌላው በኩል አየች። ማንም አልነበረም፤ ጨርቁን ጥላ ምንም እንዳላየች ብትሄድ እኔ ምን አደርጋታለሁ? ቀና ብላ፣ ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ቀልቷል» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ እመይቴን ልትጠራ ሄደች።

ፍልሰታ በተፈታ ማግስት የኔታ መጥተው አዩ። በዚያን ጊዜ ከጫፍ ያሉት ቅጠሎች ሁሉ ቀልተዋል። «በቃ፣ ልጅቱን ተዉአት» ብለው ሄዱ። እመይቴ አለቀሱ፣ ግንባሬን ሳሙኝ፣ ከልብስ ሣጥናቸው አዲስ ነጠላ አውጥተው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። እኔ ግን ልብሴን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ነበር።

«ምነው ልጄ? ነገሩ አለቀ አይደለም እንዴ?»

«እመይቴ፣ ዝናቡ እስከ መስቀል ባያባራ ኖሮስ?»

የነጠላውን ጥለት በጣታቸው ዳሰሱት። «ያንንማ እግዜር ያውቃል» አሉ።

ውሸት ስላልጨመሩበት አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን መልሱን እግዜር ብቻ ሳይሆን ሁለታችንም እናውቀው ነበር። ደመናው ጥቂት ቢሰነብት፣ ይችው እኔ፣ በዚሁ ዓይኔ፣ ቡዳ ሆኜ ነበር የምወጣው። ማንም እኔን አላመነም፤ የታመነው ቅጠሉ ነው። ይህን ለእሳቸው ማስረዳት አልቻልኩም፤ ነጠላውን ወንበሩ ላይ አኑሬ እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

መንደር የደረስኩት በማግስቱ ነው። እናቴ ጭቃ በያዘ እጇ ሳመችኝ። ታናሽ እህቴ በክረምቱ ወልዳ ተኝታለች። ስለ ጎንደር ምንም አልነገርኳቸውም። እናቴ እጇን ታጠበችና ሕፃኑን አንሥታ አጠገቤ መጣች። በሰው ሁሉ ፊት የሚሸፈነውን ፊቱን ለእኔ ገለጠችው።

«ምነው አንቺ፣ የእህትሽን ልጅ እይው እንጂ» አለችኝ።

እኔ ዓይኔን ከሕፃኑ አሽሽቼ ጉልቻውን አየሁ።